ለባሕር ዳር ሳሎን የትኛው የሶፋ ጨርቅ ይሻላል?

ሶፋ ሊያሳድስ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጥሩ ጨርቅ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ባለሱቁም መልስ አያጣም። «ይሄ የቱርክ ነው እታለም፣ አሥር ዓመት አይነካሽም» ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን የት ሆኖ? ማን ተቀምጦበት? ደብረ ብርሃን አሥር ዓመት የሚያገለግል ጨርቅ ጣና ዳር ሦስተኛ ክረምቱን ላያይ ይችላል። ሳሎን ውስጥ የሚያምረው ደግሞ ዓሣ ቤት ቢገባ ዓመት አይሞላውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ጨርቆች ሁሉ የመዘንኳቸው ባሕር ዳር ላለ ቤት ነው።

ጨርቁ ከምን ጋር ነው የሚታገለው?

ከፀሐይ እንጀምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር ቀለም የሚያጠፋው አልትራቫዮሌት ጨረር አብሮ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል። «የእኔ ሶፋ ቤት ውስጥ ነው» ትሉ ይሆናል። ተራ የመስኮት መስታወት ግን የጨረሩን አንዱን ክፍል ብቻ ያስቀራል፤ ሌላው አልፎ ይገባል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስኮት ያለው ሳሎን፣ በጋውን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሶፋውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል ማለት ነው። ከመስኮቱ በኩል ያለው ክንድ ነጥቶ ሌላው እንደ አዲስ የቀረ ሶፋ ያላየ የለም።

ከዚያ ክረምቱ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡም ሐይቁም አንድ ላይ ናቸው። ቤቱ ተዘግቶ ይውላል። የተወለወለ ሴራሚክ ቶሎ አይደርቅም። ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ የቆመ ሶፋ ጀርባው አየር አያገኝም። ነሐሴ ላይ ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ብታሸቱት ይገባችኋል። ሻጋታ የሚፈልገው እርጥበትና የሚበላው ነገር ነው። ጥጥ ሁለቱንም ያቀርብለታል። ፖሊስተር ራሱ ብዙም አይበላለትም፤ ላዩ ላይ የተጠራቀመው አቧራና ቅባት ግን ይበላል።

ሌላው ጣጣ የራሳችን ነው። ቡና ሲፈላ ከሰል አለ፣ ዕጣን አለ፣ ማራገቢያው ሲወዛወዝ የሚፈናጠር ፍም አለ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ርካሽ ሰው ሠራሽ ክር 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ፖሊስተር እስከ 260 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። ፍም ግን ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል፤ ነክቶት ሲነሳ ጠርዙ የጠነከረ ቀዳዳ ጥሎ ይሄዳል። ጥጥ አይቀልጥም፤ ይጠቁራል። ፈጥናችሁ ካራገፋችሁት አንዳንዴ ምልክት ብቻ ይቀራል። ይሁንና ጥጥ ውስጥ ውስጡን መጤስ ይችላል፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ደግሞ በቀላሉ ይነዳል። ፍም የወደቀበትን ቦታ ውኃ ነክታችሁበት፣ ሽፋኑን ገልጣችሁ ሳታዩ አትተኙ። ረከቦቱን ከሶፋው አንድ ሜትር ማራቅ ከየትኛውም የጨርቅ ምርጫ የበለጠ ይጠቅማል።

ቅቤውንም አልረሳሁትም። ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ የመጣች አክስት ጀርባዋን ደገፍ ስታደርግ የሶፋው አናት ላይ የሚቀረውን ታውቁታላችሁ። የእናቶቻችን ዳንቴል ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ታጥቦ የሚመለስ የጀርባ መከላከያ ነበር። አሁን «ፋሽኑ አልፏል» ተብሎ ተነስቷል። እኔ ብሆን እመልሰዋለሁ።

ጠፍጣፋ ሽመና ያለው ፖሊስተር

ለአብዛኛው ቤት ምርጫዬ ይሄ ነው። ወፍራም፣ ድርና ማጉ ጥብቅ ያለ፣ ላዩ ላይ ፀጉር የሌለው ፖሊስተር። ሱቅ ውስጥ ዓይን አይስብም። ከጎኑ የሚያብረቀርቅ ቬልቬት ተሰቅሎ እሱን የሚመርጥ ጥቂት ነው። ግን ሥራውን ይሠራል።

ምክንያቱ እርጥበት ነው። ፖሊስተር አየር ውስጥ ካለው እርጥበት የሚጠጣው ከክብደቱ ግማሽ በመቶ አይሞላም። ጥጥ 8 በመቶ ገደማ ይጠጣል። ክረምት ላይ ይህ ልዩነት በእጅ ይታወቃል፤ አንዱ ደረቅ ነው፣ ሌላው ቀዝቀዝ ብሎ ያዝ ያደርጋል። ፖሊስተር ሲታጠብ አይሸበሸብም፣ አይጠብም፣ ቶሎ ይደርቃል። ቀለሙም ከጥጥ የተሻለ ፀሐይ ይችላል።

ጉድለቱ ዘይት ነው። ፖሊስተር ውኃ አይወድም፣ ዘይት ግን ይወዳል። የወጥ ቅባት፣ በተለይ በርበሬ የያዘ፣ ክሩ ውስጥ ይገባና አልወጣም ይላል። መፍትሔው ፍጥነት ነው። አትሹት። ዱቄት ወይም የሕፃን ፓውደር አፍሱበት፣ ቅባቱን ይምጠጠው፣ ጥረጉት፣ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ በጥቂት ውኃ አድርጋችሁ ከዳር ወደ መሐል ጠብ ጠብ አድርጉ። ሙቅ ውኃ አፍስሶ መፈተግ ቆሻሻውን ወደ ስፖንጁ ይልከዋል።

ጥቅሉ ላይ «ማርቲንዴል» የሚል ቁጥር ካገኛችሁ እዩት። ጨርቁ መፈተግን ምን ያህል እንደሚችል የሚለካ ነው። ለቤት ከ20,000 በላይ ይበቃል፤ ለካፌና ለሆቴል 40,000 ፈልጉ። ቁጥሩ ከሌለ በእጅ የሚደረጉ ፈተናዎች አሉ፤ እነሱን በኋላ እናያቸዋለን።

ቀለም? መካከለኛ ግራጫ፣ የቡና ዓይነት፣ የወይራ አረንጓዴ። ጥቁር ከሆነ አቧራው ይታያል፣ ክሬም ከሆነ ሁሉም ነገር ይታያል። ደማቅ ቀይና ሰማያዊ መስኮት አጠገብ ቶሎ ይከዳሉ። ትንሽ ድብልቅልቅ ያለ ክር ያለው፣ ማለትም ሁለት ሦስት ተቀራራቢ ቀለም የተሸመነበት፣ ነጠብጣብም አቧራም ይደብቃል።

ሸኒል

ፀጉር ካለው ወፍራም ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል፣ ሲነካ ያምራል። ብዙ ሰው «ወፍራም ነው፣ ይበረክታል» ብሎ ይገዛዋል። ወፍራምነቱ ግን የክሩ ፀጉር ነው እንጂ የሽመናው ጥንካሬ አይደለም። ርካሹ ሸኒል በጥፍር ጫር ጫር ሲደረግ ፀጉሩ ይነቀላል፤ መቀመጫው ፊት ላይ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተመለጠ መስመር ይወጣል። ስፌቱ አካባቢም ክሩ ይንሸራተታል። ድመት ያለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል። ልጅ የሌላቸው፣ እንግዳ የማይበዛባቸው ጥንዶች ቢወዱት አልከለክልም። ጀርባው ላይ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ወይም ሙጫ ያለበትን ይምረጡ።

ቬልቬት፣ ወይም ከፋይ

አሁን ያለው የሰርግ ሰሞን ሶፋ ሁሉ ቬልቬት ነው። አረንጓዴው፣ ወርቃማው፣ ጥልቅ ሰማያዊው። ከሩቅ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ያስመስላል፤ ፎቶ ላይም ይወጣለታል።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቬልቬት ፖሊስተር ነው። ይሄ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው። ከጥጥ ቬልቬት በተሻለ እርጥበት ይችላል፤ ሲተኛ የተጨፈለቀው ፀጉርም ቀስ ብሎ ይነሳል። ድመትም እንደ ሸኒል አትጎዳውም፤ ጥፍሯ የሚይዘው ቀለበት የለውም። አቧራ ግን ይሰበስባል። ከጥር እስከ ግንቦት፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ በየሁለት ቀኑ ካልተቦረሸ ብርሃኑ ይደበዝዛል። እጅ ያረፈበት፣ ሰው የተቀመጠበት ቦታም ሌላ ቀለም መስሎ ይታያል። ይህ ጉዳት አይደለም፤ ፀጉሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተኝቶ ብርሃን ሲመልስ ነው። «ሶፋዬ ነጣ ነጣ አለ» ብለው ባለሙያውን የሚጣሉ ሰዎች ግማሾቹ ያዩት ይሄንን ነው።

ትልቁ ነገር አቆራረጡ ነው። ቬልቬትን በእጃችሁ ዳብሱት፤ በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይቆረፍዳል። የሚለሰልስበት አቅጣጫ ጀርባው ላይ ከላይ ወደ ታች፣ መቀመጫው ላይ ከኋላ ወደ ፊት መሄድ አለበት። አንዱ ትራስ በተቃራኒ ከተቆረጠ ከሌላ ጥቅል የተገዛ ነው የሚመስለው። ባለሙያው ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ቁራጭ ገልብጦ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከመቀስ በፊት በጠመኔ ቀስት ያሥምርበት። በዚህ ምክንያት ቬልቬት ከጠፍጣፋ ጨርቅ የበለጠ ይፈጃል፤ ዋጋ ስታወዳድሩ በሜትር ብቻ አታስሉ።

ጥጥ

የጥጥ ነገር ለባሕር ዳር ሰው ባዕድ አይደለም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚሁ ከተማ ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲውም የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት የሚሰጥበት ነው። ጥጥ ቆዳ ላይ ይመቻል፣ ሙቀት ላይ አያልብም። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሰው ሠራሽ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ጀርባው ያላለበው የለም።

ግን ሶፋው ላይ ተቸንክሮ የሚቀር ጥጥ አልመክርም። ይሻግታል፣ ይነጣል፣ ቡና ሲፈስበት እስከ ውስጥ ይጠጣል። ጥጥ የሚያዋጣው የሚወልቅ ሽፋን ሲሆን ነው። ሶፋውን በፖሊስተር አልብሱት፣ ከላዩ በወፍራም ጥጥ የተሰፋ፣ ዚፕ ወይም ማሰሪያ ያለው ሽፋን አድርጉበት። በበጋ ይለበሳል፣ በየሁለት ሳምንቱ ይታጠባል፣ ሰኔ ሲገባ ደርቆ ታጥፎ ይቀመጣል። ጂንስ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ቅዳሜ ገበያም አይጠፋም። አዲስ ጂንስ ግን ነጭ ልብስ ላይ ቀለም ይለቃል። ነጠላ ለብሳ የመጣች እንግዳ ሰማያዊ ሆና እንዳትሄድ ደጋግማችሁ እጠቡት።

ማንኛውም ጥጥ ከመቆረጡ በፊት መታጠብ አለበት። የመጀመሪያ እጥበት ላይ ይጠባል። ሳይታጠብ የተሰፋ ሽፋን ሁለተኛ አይገባም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

የሸማኔ ጨርቅስ? ፈትሉ ያምራል፣ ጥለቱም ለሳሎን ሌላ መልክ ይሰጣል። ለመቀመጫ ግን አይሆንም። ሽመናው ላላ ያለ ነው፤ የሰው ክብደት ሲስበው ስፌቱ ላይ ይከፈታል። ስፋቱም ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቦታ መጋጠም ይኖርበታል። ለትራስ ልብስ፣ ከጀርባው አቡጀዲ ተደርጎበት ከሆነ፣ ከእሱ የሚያምር አላውቅም።

«ሌዘር»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ነው።

ሱቅ ውስጥ «ሌዘር» የሚባለው አብዛኛው ቆዳ አይደለም። ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ፒዩ ይባላል፤ ለስላሳ፣ ቀለል ያለ፣ በእጅ ሲነካ እውነተኛ ቆዳ የሚመስል። ሁለተኛው ፒቪሲ ነው፤ ከበድ ያለ፣ ደረቅ ያለ፣ የፕላስቲክ ሽታው የሚለይ። ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ፒዩውን ይወዳል። ባሕር ዳር ላይ የተሳሳተው ምርጫ እሱ ነው።

ፒዩ የሚሞተው በመቀመጥ ብቻ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ራሱ የፕላስቲኩን ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። የሰው ላብና የፀጉር ቅባትም ያግዙታል። መጀመሪያ አናቱና ክንዱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ልክ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጣል። ቁርጥራጩ ልብስ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ የልጅ አፍ ውስጥ ይገኛል። ከተላጠ በኋላ መጠገኛ የለውም፤ ቀለም ቢቀቡትም ከሥሩ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ውስጥ ይጀምራል። ሌላም አለ፤ ይህ መበላሸት ጥቅሉ ሱቅ ውስጥ ቆሞም አይቆምም። መጋዘን ውስጥ ሁለት ክረምት ያሳለፈ ፒዩ «አዲስ» ተብሎ ሲሸጥላችሁ ዕድሜውን በከፊል ጨርሷል። «ቅናሽ አለው» የሚባለው ጥቅል ላይ ጠርጥሩ። ጫፉን እጥፍ አድርጋችሁ በጣት ጨብጡት፤ ስትለቁት ነጭ መስመር ወይም ስንጥቅ ካሳየ ተዉት።

ፒቪሲ እንዲህ ያለ የእርጥበት ችግር የለበትም። ይጠረጋል፣ ዘይት አይጠጣም፣ ሻጋታው ከላዩ ይወለወላል። ግን ያልባል፣ በጋ ላይ ጭን ላይ ይጣበቃል፣ ፀሐይ ያገኘው ቦታ እየደረቀ ይሄዳል። ለሳሎን አልመርጠውም። ለምግብ ጠረጴዛ ወንበር፣ ልጆች ለሚበሉበት፣ ወደር የለውም።

እውነተኛ ቆዳ ሌላ ነገር ነው። በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይኖራል። ግን ውድ ነው፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ክረምት ላይ ካልተወለወለ እሱም ይሻግታል፣ በየጊዜው የቆዳ ቅባት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ቤት ካለ ይግዛ። ከሌለ ይቅርበት። ከኋላው ሲታይ እንደ ጨርቅ የተሸመነ መረብ ካለው ግን ቆዳ ነው ቢሏችሁም አይደለም፤ የቆዳ ጀርባ ሻካራ፣ ፀጉራም ነው።

የአረቢያን መጅሊስ የምታሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ወለል ላይ ስለሚቀመጥ ከታች እርጥበት፣ ከላይ አቧራ ያገኘዋል። የላዩ ጨርቅ ምንም ይሁን፣ ሁሉም ሽፋን ዚፕ ይኑረው። ከሥሩ ፕላስቲክ አታንጥፉ፤ እርጥበቱን ወደ ስፖንጁ ይመልሰዋል። ከወለሉ ትንሽ ከፍ የሚያደርግ የእንጨት መደብ ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ምን ትሞክራላችሁ?

ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጉት። በሽመናው መሐል የብርሃን ነጠብጣብ ከበዛ ላላ ነው። በሁለት አውራ ጣት ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎትቱት፤ ክሮቹ ተለያይተው ካልተመለሱ ስፌት ላይ ይከፈታል። ነጭ መሀረብ በትንሽ ውኃ አርጥቡና ጨርቁን አጥብቃችሁ ፈትጉት። ቀለም ከያዘ ልብስም ላይ ይይዛል።

ክር መምዘዝ ከተፈቀደላችሁ ቤት ወስዳችሁ፣ ሳህን ላይ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ክብሪት አስነኩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ይኮማተርና ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ታያላችሁ። ይህን ግን በፒቪሲ አታድርጉት፤ ጭሱ ጎጂ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትንሽ ናሙና ጠይቆ ወደ ቤት መውሰድ ነው። የሱቅ መብራት ቀለም ይዋሻል። ናሙናውን ጠዋትና ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ እዩት። ግማሹን መጽሐፍ ውስጥ ከታችሁ ግማሹን መስኮት ላይ ለአንድ ወር ብትተዉት ደግሞ ፀሐይ የምታደርገውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጊዜ ያለው ሰው ይሞክረው።

ስንት ሜትር፣ እንዴት ያለ ሥራ?

የሶፋ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ 140 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ለባለ ሦስት ሶፋ ከ10 እስከ 13 ሜትር፣ ለባለ አንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይፈጃል። ክንዱ ሰፊ ከሆነ፣ ተነቃይ ትራስ ካለው፣ ትልልቅ አበባ ያለው ጨርቅ ከሆነ ይጨምራል። አበባው መሐል ላይ እንዲያርፍና ከትራስ ትራስ እንዲገጥም ሲባል የሚጣል ጨርቅ አለ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከአንድ ጥቅል ግዙ። ሁለተኛ ጊዜ ስትመለሱ ያው ስም ያለው ጨርቅ ቀለሙ በትንሹ ይለያል፤ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፣ ሶፋው ላይ ይታወቃል።

የእኔ አስተያየት፣ ጨርቁን ራሳችሁ ግዙ፣ ሜትሩን ግን ባለሙያው ይናገር። ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጮቹን በወረቀት ሥሎ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ሰው አይከፋውም። ወደ ጎን አዙሮ መቁረጥ የሚቻል ጠፍጣፋ ጨርቅ ከሆነ የባለ ሦስቱ ጀርባ ያለ መጋጠሚያ በአንድ ቁራጭ ይወጣል። ቬልቬት ላይ ግን ይህ አይቻልም፤ ፀጉሩ ወደ ጎን ይተኛል።

ክሩን ጠይቁ። «ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ክር ነው?» ማለት አያሳፍርም። የጥጥ ክር በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ጨርቁ ሳይቀደድ ስፌቱ ይፈታል። ወፍራም የፖሊስተር ክር ይሁን። መርፌው 100 ወይም 110 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመት ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ሌዘር ላይ ከዚህ ከጠበበ ቀዳዳዎቹ ይቀራረቡና በዚያው መስመር ይቀደዳል። ሌዘር ላይ የገባ ስፒልም ቀዳዳው አይጠፋም፤ በመቆንጠጫ ይያዝ። ሸኒል ከሆነ የስፌት ትርፉ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ፣ ጠርዙም እንዳይተረተር ኦቨርሎክ ይደረግ።

አሮጌው ልብስ ሲወልቅ አይጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ «የግራ ክንድ፣ ውስጥ» እየተባለ በጠመኔ ተጽፎበት ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። ከማውለቅ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። አዲሱ ሲለበስ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ጎን መሐል ይያዛል፣ ከዚያ ወደ ማዕዘኖቹ እየተሳበ ይቸነከራል። ከአንድ ጥግ ጀምሮ እየጎተተ የሚሄድ ባለሙያ ካያችሁ፣ ሽመናው ጠምሞ እንደሚቀር እወቁ።

ሶፋው ተከፍቶ ሳለ ስፖንጁን አለማየት ሞኝነት ነው። የላላ ስፖንጅ ላይ የለበሰ ምርጥ ጨርቅ በወራት ውስጥ ይሸበሸባል። ጥራቱን በሚዛን ማወቅ ይቻላል። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ 750 ግራም ገደማ ከመዘነ፣ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ነው ማለት ነው፤ ለመቀመጫ ይሆናል። 450 ግራም ብቻ ከሆነ ለጀርባ እንጂ ለመቀመጫ አትቀበሉት። የሶፋው ሥር ደግሞ በፕላስቲክ ሳይሆን አየር በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ወይም በአቡጀዲ ይዘጋ። ቤት ሲመለስም ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ይበል።

ለካፌና ለሐይቅ ዳር ቤት

ንግድ ቤት ሲሆን ፍርዴ ይገለበጣል። ዓሣ የሚጠበስበት፣ በቀን ብዙ ሰው የሚነሳ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጨርቅ አይገባም። ዘይቱም ሽታውም ይቀራል። ወፍራም ፒቪሲ አልብሱት፣ ስፌቱ በመቀመጫው መሐል ሳይሆን በጎን ይሁን፤ ፍርፋሪና ፈሳሽ የሚገባው በስፌት ነው። እንደ ልብስ ቁልፍ ባለ ቁልፍ እየተወጋ የሚሠራ ጎድጓዳ ጌጥ ቆንጆ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ፍርፋሪ ያጠራቅማል። ትኋን ከገባም እዚያ ነው የሚደበቀው።

ከቤት ውጭ፣ በረንዳ ላይ ወይም ሐይቁ ዳር ላለ መቀመጫ ደግሞ ክሩ ገና ሲሠራ ቀለም የገባበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ፈልጉ፤ አክሪሊክ ከሆነ ይመረጣል። ከላይ የተቀባ ቀለም በአንድ በጋ ይነጣል፣ እስከ ውስጡ ቀለም የሆነ ክር ግን ይቆያል። ካልተገኘ ተራ ፖሊስተር አልብሳችሁ በየሁለት ዓመቱ መቀየርን በሒሳብ ያዙ። የውጭ ትራስ ማታ ማታ ይግባ። ዝናብ የገባበት ስፖንጅ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ ሳምንት ያህል እርጥብ ሊሆን ይችላል።

ፍም ያበሳው ቦታ

ከተረፈው ጨርቅ ግማሽ ሜትር ያህል ከባለሙያው ተቀብላችሁ አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍም መቀመጫውን ሲበሳው ግን ያንን ቁራጭ በቀጥታ ቀዳዳው ላይ አታድርጉት። ሶፋው በፀሐይ ቀለሙን ቀይሯል፤ አዲሱ ቁራጭ ከሩቅ ይጣራል። መጣፊያውን ከራሱ ከሶፋው፣ ፀሐይ ካገኘው ከጀርባው ውጫዊ ክፍል ወይም ከጎኑ ቁረጡ። የተቀመጠውን አዲስ ጨርቅ ደግሞ በዚያ፣ ሰው በማያየው ቦታ ስፉት። ቬልቬት ከሆነ የፀጉሩን አቅጣጫ አስተያዩ፤ ከቀዳዳው ሥር ትንሽ ጨርቅ አስገብታችሁ፣ መጣፊያውን በጨርቅ ሙጫ ያዙትና ዙሪያውን በቀጭን መርፌ በእጅ ስፉት።